የጋሽ መርፌ ዓይን

«ጋሽ መርፌ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ይወዱታል። የሰው ዓይን ሲሰፉ ያረጁ ሐኪም ናቸው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰው ዓይን ላይ ሲቆርጡት የኖሩት ሥጋ ከራሳቸው ዓይን ዳር በቅሎ ወደ ብሌናቸው ይገሰግስ ጀመር!

መጥተው የቀድሞ ተማሪያቸው ፊት፣ የታካሚው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ሐኪሟ በመመርመሪያው አየቻቸው። ትንሽ ቢዘገይ ሥጋው ብሌናቸውን ይሸፍነዋል።

ሥጋውን ቆርጦ ቦታውን ባዶ መተው እንደማያዋጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ስስ ሽፋን ተነሥቶ ቁስሉ ላይ ይጣፋል። ጭቅጭቃቸው በምን ይያዝ በሚለው ነው። እሳቸው በክር ይሰፉታል፤ አይላቀቅም፣ ግን ለሳምንታት ይቆረቁራል። እሷ በታካሚው በራሱ ደም ታጣብቀዋለች፤ ብዙም አይቆረቁርም፣ ግን በደንብ ሳይዝ ከታሸ ይንሸራተታል። ጋሽ መርፌ «ማጣበቅ ለፖስታ ነው!» እያሉ ስንቱን አስቀዋል። ከዚያ ወዲህ ታካሚው ሁሉ «እኔን በክር» ይላታል።

«መቼም ስፊኝ ነው የሚሉኝ» አለች።

«በደሜ ለጥፊው።»

«ምን አሉ?»

«ሰምተሻል። ጋሽ መርፌ ራሱ ተለጠፈ ሲባል ያኔ ሁሉም አፉን ይይዛል። በምላሴ ያበላሸሁብሽን በዓይኔ ልካስሽ፣ ልጄ።»

እሰይ! ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። በደስታ የምትሆነውን አጣች። ጋሽ መርፌ ግን እንደ ልማዳቸው በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን እሽት እሽት አደረጉ። ሲያስቡም ያሻሉ፣ ሲስቁም ያሻሉ። እሷና ጓደኞቿ ተማሪ ሳሉ ይህንኑ እያስመሰሉ ይስቁባቸው ነበር።

«አይሆንም» አለች ደስታዋን ውጣ። «እሰፋዋለሁ።»

«ምነው? እምቢ አልሽኝ?»

«አዎ፣ እምቢ። ደሙ በቅጡ ሳይዝ አሽተው ይጥሉታል።»

«አላሽም!»

«ያሻሉ! እርስዎን እኔ አላውቅም? ለስሜ ብዬ ዓይንዎን አልሰጥም፤ ስሜ ገደል ይግባ!»

ጋሽ መርፌ ከልጆቻቸው ለይተው አያዩአትም ነበርና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው እጃቸው ወደ ዓይናቸው ተነሣ። ሐኪሟ አየር ላይ ቀለብ አደረገችው።

«ይኸው!»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ግን እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

«ስፊው እንግዲህ» አሉ ተሸንፈው። «ብቻ አደራ፣ ክሩ ቀጭን ይሁን። ይቆረቁራል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ይቻሉታ! ስንቱን ‹ቻለው› ሲሉ ኖረው የለም እንዴ?»

ለቀዶ ጥገናው ልትታጠብ እስክትነሣ ድረስ እጃቸውን አልለቀቀችውም።