የዓርቡ ቁጥር

ስፌተኛዋ ዘወትር ረቡዕ፣ የመጨረሻዋን ደንበኛ ከሸኘች በኋላ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ አርባ ሊትር የተጣራ ውሃ በበርሜል ትቀዳ ነበር። የባሕር ጨውን በሚዛን መዝና ትጨምርበታለች፤ ፓምፑ ሲያማስለው ያድራል፤ በማግስቱ ከሳሎኑ ገንዳ አርባ ሊትር አሮጌ ውሃ በቱቦ አውጥታ አዲሱን ትተካበታለች። የግድግዳውን እኩሌታ የያዘው ይህ የመስተዋት ገንዳ ሦስት መቶ ሊትር የባሕር ውሃ የሚይዝ ሲሆን፣ በውስጡ ድንጋይ የሚመስሉ ባለ ቀለም የባሕር ፍጡራን፣ ኮራሎች፣ ተዘርግተው በመካከላቸው ስድስት ዓሦች ይመላለሳሉ። ገንዳው የእርሷ አይደለም። የታላቅ ወንድሟ ነው። እርሱ የመርከብ መካኒክ ሆኖ ሲሄድ ዘጠኝ ዓመት የደከመበትን ነገር በአደራ ሰጣት። «ለስድስት ወር ብቻ» ነበር ያላት። ስድስቱ ወር ሦስት ዓመት ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዚያ ቤት ውጭ አንድ ሌሊት አላደረችም፤ የአብሮ አደጓን ሠርግ እንኳ በስልክ ነው የመረቀችው።

ወንድሟ ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ ይደውላል። የእናቱን ጤና ከመጠየቁ በፊት «ጨው ስንት ነው? ናይትሬትስ?» ይላል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት ሃያ መድረሱን በእውነት ነገረችው። ለአንድ ሰዓት ያህል ገሠጻት፤ አስረዳት፤ ደግሞ ገሠጻት። ይህን እያሰበች ለጥቂት ጊዜ ስትለካና ስትፈራ ቆየች፤ በኋላ ግን መለኪያዎቹን ከቁልፎችና ከክሮች ጋር በመሳቢያ ከተተቻቸውና ሳትለካ መመለስ ጀመረች፦ «ጨው ሠላሳ አምስት፤ ናይትሬት አምስት።» ፎቶግራፍ ሲጠይቃት ሰማያዊውን መብራት ብቻ አብርታ ታነሣለች፤ በዚያ ብርሃን የከሳው ኮራል ሁሉ ያማረ ይመስላልና።

«እጅሽ ይባረክ! አንቺ እያለሽ እኔን ምን አሳስቦኝ?» ይላታል። በዚህ ተማምኖ የሥራ ውሉን ሁለት ጊዜ አራዘመ። ለአንድ ዓርብ ሰላም ብላ የጀመረችው ውሸት በሩን በላይዋ ቆለፈው።

በዚህ መካከል በሌላ ከተማ የሚገኝ የልብስ ፋብሪካ በቆራጭነት ተቀበላት፤ ሰኞ ሥራ መጀመር ነበረባት። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ረቡዕ ገንዳውን ይረከባት ዘንድ አንድ የጌጥ ዓሣ ሻጭ ጠራች። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ይለዋል፤ በየዓሣው ፊት ጎንበስ ብሎ «የት ላይ ነው የሚያምህ?» የማለት ልማድ አለውና። ዶክተሩ ነጩን መብራት አበራ። ከኪሱ መለኪያውን አወጣ፤ አንዲት ጠብታ ጣለበትና ወደ መስኮቱ አቅንቶ ተመለከተ።

«እህቴ፣ ይሄ ገንዳ ነው ወይስ የጨው ማዕድን?»

«ምነው?»

«አርባ አንድ!»

«በየሳምንቱ እለውጣለሁ እኮ! አንድም ሐሙስ አላሳለፍኩም።»

«መለወጥሽንማ መቼ ተጠራጠርኩ። በየቀኑ የሚተነውን በምንድን ነው የምትሞዪው?»

«ከተበጠበጠው ነዋ፣ በቀን አንድ ሊትር። ራሱ የሚሞላው ዕቃ ከተበላሸ አምስት ወሩ ነው።»

«ከባለ ጨዉ?»

«ታዲያስ! የባሕር ውሃ ሲጎድል በምን ሊሞላ ኖሯል?»

ሃያ ዓመት ልብስ ስትሰፋ የተቀደደውን በዚያው በራሱ ጨርቅ መጣፍ የሙያዋ ሕግ ነበር፤ የጎደለ ውሃ በሌላ ውሃ ሊሞላ ይችላል የሚል ሐሳብ ሽው ብሏት አያውቅም።

«የሚተነው እኮ ውሃው ብቻ ነው» አለ ዶክተሩ። «ጨው ክንፍ አላወጣ! እዚያው ቁጭ ብሎ አንቺ ደግሞ በየቀኑ ጓደኛ ትጨምሪለታለሽ።» ቀጥሎ ናይትሬቱን ለካ፤ በትንሽ ብልቃጥ የቀዳው ውሃ ቀላ፤ «ሰማንያ» አለና ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያ አንተ ተረከበኝና አስተካክለው።»

«ሬሳ አልረከብም። ሠላሳ አምስት ሲገባ ጥሪኝ። በአንድ ጊዜ ካወረድሽው ደግሞ ያልቃሉ። በየቀኑ ሦስት ሊትር እያወጣሽ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ተኪ፤ የተነነውንም በዚያው ሙዪ። ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል።»

«ሰኞ እኮ መሄዴ ነው!»

«በይ እንግዲህ፣ እነሱም አብረውሽ መሄዳቸው ነው» ብሎ መለኪያውን ጠራርጎ ወጣ።

እናታቸው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሁሉን ሰምተዋል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት፤ የገንዳውን ሥራ ሊተኩላት አይችሉም።

«ልጄ፣ ባሕር ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም» አሉ። «ዓርብ እንደ ወትሮሽ በዪውና አንቺም መንገድሽን ሂጂ። የሞቱ እንደሆነ በሽታ ገባባቸው እንለዋለን።»

ስፌተኛዋ ከቤቱ የሚያወጣት መንገድ ይህ ብቻ እንደ ነበረ፣ እናቷም ከፍቅር የተነሣ እንዳሳዩአት ታውቃለች። ሁለት ቀን ሙሉ ልብሷን ስታጥፍና ስትዘረጋ ዋለች።

ዓርብ ስልኩ ጮኸ።

«እሺ፣ ጨው?»

«አርባ አንድ ነው ጋሼ።»

«ምን?»

«አርባ አንድ። ናይትሬቱም ሰማንያ። ሳልለካ ነው እስከ ዛሬ ስነግርህ የኖርኩት።»

ወንድሟ በመርከቡ ሞተር ጩኸት ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ፎቶዎቹስ?»

«በሰማያዊ መብራት ያነሣኋቸው ናቸው። ሁለት ኮራሎች ታመው ነጥተዋል።»

«እኔ እኮ» አለ ወንድሟ ድምፁ ሰልሎ፣ «እዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ እያሳየሁ 'የእህቴ እጅ ነው' እል ነበር።» ይቆጣል ብላ የጠበቀችው ሰው አልተቆጣም። «በቃ ተይው። እጅሽን አንሺ። የፈለግሽበት ሂጂ» ብሎ ዘጋው።

ሦስት ዓመት የናፈቀችው ቃል ይህ ነበር። የታጠፈው ልብሷ በአልጋው ላይ ነው፤ የሚይዛት ሰው የለም። ወንድሟ ቢያስራት ኖሮ ልትለምነው፣ ልትከራከረው ትችል ነበር፤ አሁን ያሰራት የገዛ እጇ ሥራ ነበረና የሚለመን አላገኘችም። ገንዳው አጠገብ ቆማ ከነጡት ኮራሎች ሥር አፉን ከፍቶ የሚተነፍሰውን ቢጫ ዓሣ ተመለከተች፤ ቀጥሎም ለፋብሪካው ኃላፊ ደወለች።

«እትዬ፣ ሰኞ አልደርስም። ሦስት ሳምንት ቢታገሡኝ?»

«ሦስት ሳምንት! እኔ የጠየቅሁት ቆራጭ ነው፣ ሙሽራ አይደለም። ምን ገጠመሽ?»

«የወንድሜን ዓሦች አበላሽቼ፣ እነሱን...»

«ለዓሣ ብለሽ ነው?»

«ለዓሣ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

ስፌተኛዋ ዓይኗን ከቢጫው ዓሣ ሳታነሣ «ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት» አለች።

እናቷ ቀና ብለው «እኔ ያልኩሽን ብትሰሚ ምን ነበረበት?» ሲሉ፣ እርሷ ቱቦውን ወደ ገንዳው አውርዳ ነበር። ሦስት ሊትር አወጣች። ጨው የሌለውን ውሃ በኩባያ እየቀዳች፣ ዓሦቹ እንዳይደነግጡ ከጥጉ በኩል ቀስ እያለች አፈሰሰች፤ ክንዷ እስኪዝል ድረስ ቆየች። በማግስቱ መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥታ ለካች፦ አርባ ነጥብ ስድስት። ቅዳሜ ነበር፤ ቁጥሩን የሚጠይቃት ማንም አልነበረም።