አሥራ ሰባት ቁጥር በር

እናቴን ከቤቷ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። "መንግሥት ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ?" እያሉ የሚያጽናኑኝ አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ቡሩሹን የያዘው ግን መንግሥት አልነበረም።

ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው። እናቴ የምትኖረው የማዘጋጃ ቤት ንብረት በሆነ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። እኔን ያሳደገችው እዚያ ነው፤ የአባቴም አስከሬን የወጣው ከዚያ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ የደረጃው መደገፊያ ከተነቀለ ዓመታት አልፈዋል፣ የግቢው ቧንቧ ውሃ የሚሰጠው ሲያሰኘው ነው። መንግሥት በጀት መድቦ ሕንፃውን ሊያድስ፣ ነባር ነዋሪዎቹንም በአነስተኛ ኪራይ ሊመልስ ነው ሲባል እናቴ እልል አለች። እኔ አላመንኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ስጠረጥር ከርሜ የተመነጠርኩት ግን ባልጠረጠርኩበት በኩል ነው።

መጀመሪያ ቆጣሪዎች መጡ። ሰው የሚኖርበትን ክፍል ሁሉ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር እየጻፉ አለፉ። የእኛ አሥራ ሰባት ሆነ። አጻጻፋቸውን ብታዩት! ቀለሙ እስከ ደፉ ተንጠባጥቧል፣ ሰባቱ ወዳንድ ጎኑ ዘምሟል።

ከሁለት ወር በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ሰኞ እንደሚመጣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እሑድ ልጠይቃት ስሄድ እናቴ ወለሉን ወልውላ፣ መጋረጃውን አጥባ፣ በሩ ላይ አፍጥጣ ቆማለች።

"እስቲ ይኼን ተመልከተው" አለችኝ። "ትላልቅ ሰዎች ቤቴ ድረስ ሲመጡ በዚህ ዝርክርክ በር ላስገባቸው?"

"እነሱው ናቸው እኮ ያዝረከረኩት።"

"ቢሆንስ? የሰው ቤት ስታሳምር እየዋልክ የእናትህ በር ሲሆን እጅህ ይዝላል?"

"የመንግሥት ጽሑፍ ነው፣ እማዬ።"

"ጽሑፉማ መዝገባቸው ላይ አለ አይደል እንዴ! በሩ ግን የኔ ነው።"

እውነቷን መሰለኝ። ለምን ይዋሻል፣ እኔንም ያ ዘማማ ሰባት ሲከነክነኝ ነበር። በሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ከሰው ሥራ የተረፈኝን አረንጓዴ ቀለም ሁለት ጊዜ አለበስኩት። "አሁን ቤት መሰለ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። በዕድሜዬ ከቀባኋቸው በሮች ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

ያላወቅነው አንድ ነገር ነበር። ነዋሪ በፈቃዱ ሲለቅ የበሩ ቁጥር በቀለም ይሸፈናል፤ ምልክታቸው ነው። ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ሰኞ በማለዳ የቧንቧው ውሃ መጣ ተብሎ እናቴ ባልዲዋን ይዛ ወረደች፤ ለእንግዶቹ ብርጭቆ ልታጥብ። ኮሚቴው ያን ጊዜ ደረሰ። አረንጓዴውን በር ፎቶ አንስተው አለፉ። እሷ ተመልሳ፣ ገና አልመጡም ብላ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች መሸ።

በሳምንቱ የተለጠፈው የተመላሽ ነዋሪዎች ዝርዝር ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ስምንት ይዘላል። ምክንያቱን የነገረኝ ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ነው። እንደ ሰው ቢሮ ሄጄ "ተሳስቼ ነው" ማለት ሲገባኝ፣ የማውቀው ቡሩሽ ነውና ቀይ ቀለም በጥብጬ ቁጥሩን መልሼ ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ነው የኮሚቴውን ሰብሳቢ ለምኜ ያመጣኋት።

ቁጥሩን አየችው። ጣቷን አሳለፈችበት። ፈገግ አለች፤ በክፋት አልነበረም።

"ወንድሜ፣ የኛ ልጆች እንዲህ አሳምረው መጻፍ ቢችሉ ኖሮ መቼ ቆጣሪ ይሆኑ ነበር?"

"እኔ ነኝ የቀባሁት። እናቴ አልለቀቀችም፣ ይኸው ውስጥ አለች፣ ጎረቤቶቿን ይጠይቁ!"

"ትናንት መጥተህ ይኼንኑ ብትለኝ ቅሬታህ ይታይ ነበር። አሁን ግን የሐሰት ቁጥር ነው የማየው። በዚህ ላይ ብፈርም እኔ ነኝ የምጠየቀው።" ፋይሏን ዘጋች።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እናቴ ይኼን ጊዜ እጇን እያደራረቀች ብቅ አለች። "ምነው፣ ደጅ ቆማችሁ ቀራችሁ? ግቡ እንጂ!"

ስሟ ከመዝገብ ጠፋ አልኳት፤ የቀለሙን ነገር አልነገርኳትም። እኔ ዘንድ፣ የኪራይ ክፍሌ ውስጥ ነው አሁን የምትኖረው፤ አልጋው የእሷ ነው፣ ወለሉ የኔ። እድሳቱ ሲጀመር ቀለም ቀቢ ተፈለገ፤ ሆድ ክፉ ነው፣ ሄድኩ። የእጅ ጽሑፌን አይተው የበሮቹን ቁጥር ለኔ ሰጡኝ። አሥራ ሰባትን ስጽፍ ሰባቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቢዘምም ደስ ይለኝ ነበር። ቁልፉን የተቀበሉት አዲስ ተጋቢዎች አመሰገኑኝ።

ማታ እናቴ "በሬን ምን ቀባችሁት?" አለችኝ።

"ግራጫ።"

"ወይ ጉድ! አረንጓዴው አምሮበት ነበር እኮ።" ጭንቅላቴን ዳሰሰችኝ። "እንኳንም ያኔ ቀባህልኝ፣ ልጄ። ዝርክርኩን ቢያገኙት ኖሮ፣ በሩን አይተው ነው ያስወጡኝ እያልኩ ስቃጠል እኖር ነበር።"

"አዎ፣ እማዬ" አልኳት።