ጤነኛ ልብ

ብርጭቆ ሆስፒታል የሄደችው ታማሚ መሆኗን በወረቀት አስመስክራ ለመመለስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደንብ ልብስ የሚሰፋ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ለጨርቅ ቆራጮቹ ኃላፊ ፈለገ። ሥራ አስኪያጁ በእናቷ የስፌት ሱቅ ኮት አሰፍቶ ነበርና የትከሻውን መዝመም እንዲህ አድርጎ የደበቀለት ማን እንደሆነ ጠየቀ። ወደ ብርጭቆ ጠቆሙት። «ነይና ሠራተኞቼን አስተምሪልኝ» አላት። ፋብሪካው ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሌላ ከተማ ነው። አንዴ ሄዳ የመቁረጫ አዳራሹን አይታዋለች። ጠረጴዛው የእነሱ ሱቅና የጎረቤቱ ሱቅ ቢገጣጠሙ እንኳ ይረዝማቸዋል። ጨርቁ ተደራርቦ የፍራሽ ያህል ይወፍራል፤ የኤሌክትሪክ ቢላዋው ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሄድበታል። ቢላዋው የብብቱን ኩርባ ሲዞር አየችና ሳታስበው ምራቋን ዋጠች።

ግን የልብ በሽተኛ ነች። ከልጅነቷ ጀምሮ መሮጥ የለም፣ ሸክም ይዞ ደረጃ መውጣት የለም፣ መደንገጥም የለም። ቤተሰቡ እንደ እንቁላል ነው የያዛት። ብርጭቆ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እንዳትሰበር ተጠንቀቁ ለማለት። የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ላግባሽ ሲላት «ወልጄ አልተርፍም» ብላ መለሰችው። አሁን የልጆች አባት ነው፤ ሱሪውን የምታሳጥርለት እሷ ነች። አታማርርም። «የተጻፈልኝ ይኸው ነው» ትልና መቀሷን ታነሳለች። ፋብሪካው የጤና ምርመራ ሲጠይቃትም እፎይ አለች። ሐኪም አትችልም ካለ፣ ለምን አልሄደችም ብሎ የሚቆጭ ሰው አይኖርም፤ እሷም ጭምር።

ሆስፒታል ያደረሳት ወንድሟ ነው። የጭነት መኪና ነጂ ስለሆነ ከወሩ ጥቂቱን ቀን ብቻ ነው ቤት የሚያድረው።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ ጋሼ።»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ መኪናው የቆምን መስሎት ይተኛል» አላት። ትንሽ ነድቶ ደግሞ፣ «ምርመራው ምን ይሠራልሻል? ደውለሽ አልችልም በያቸው፣ አለቀ» አለ። መንገድ ላይ ይህንኑ ሁለቴ ደገመው። አሳዝኜው ነው ብላ አሰበች።

ሐኪሟ ፀጉሯን ሽበት የጀማመራት ሴት ነበረች። በደረቷም በጀርባዋም አዳመጠቻት። ሽቦ አጣብቃ ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት አየች። እንደገናም አዳመጠች።

«ልብሽ ታማሚ ነው ያለሽ ማነው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ ዶክተር።»

«ከመቼ ጀምሮ አላልኩሽም። ማነው ያለሽ?»

ብርጭቆ አንድ የሐኪም ፊት በሐሳቧ ፈለገችና አጣች። የመጣላት የእናቷ ፊት ብቻ ነበር።

«ሕፃን ሳለሽ ልብሽ ላይ ያልተለመደ ድምፅ ተሰምቶ ሊሆን ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ብዙ ልጆች ላይ ይሰማል፤ ሲያድጉ ይጠፋል። እኔ አሁን የምሰማው ጤነኛ ልብ ነው። ማሽኑም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሂጂ፣ ደረጃውን እየሮጥሽ ውረጂው።»

ብርጭቆ መደገፊያውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደች።

ወንድሟ መኪናውን ተደግፎ ብርቱካን ይልጣል። «ምንም የለብሽም አለችኝ» አለችው።

ብርጭቆ የሰው ገላ ስትለካ ነው የኖረችው። ሰው ሲደነግጥ ትከሻው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። የወንድሟ ትከሻ ወደ ላይ አልተነሳም። ይልቅስ ከባድ ዕቃ እንዳስቀመጠ ሰው ዝቅ አለ።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለ።

«ምኑን?»

ልጣጩን መሬት ጣለ።

«ምኑን ነው የማልነግራት፣ ጋሼ? የምታውቀውን?»

ብርቱካኑን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው። አባታቸው የሞተ ሰሞን እናታቸው ሁለቱንም ይዛ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። ብርጭቆ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እናታቸውና እሱ ውጤት ሊሰሙ ገቡ። ሐኪሙ ድምፁ ጠፍቷል፣ ከእንግዲህ ትሩጥ፣ ትጫወት ብሎ አሰናበታቸው።

«ወጥታችሁ ምን አላችሁኝ?»

«እማዬ እንደ በፊቱ ነው አለችሽ። እኔ ምንም አላልኩም።»

«አንተ ብርጭቆ አልከኝ።»

ትዝ አላት። ሲመለሱ ከአውቶቡስ ሊያወርዳት እጇን ይዞ፣ «ቀስ በሉ፣ ብርጭቆ ይዣለሁ» ብሎ ተሳፋሪውን ያሳቀው የዚያኑ ቀን ነበር። እሷም አብራ ስቃለች።

«ለምን?» አለችው።

«አባዬ ከሞተ ገና ነበር። እኔ መሄድ እፈልግ ነበር። አንድ ሰው ቤት መቅረት ነበረበት።»

«እና እኔን መረጣችሁ።»

«ማንም አልመረጠም። እንዲያው ሆነ።»

ብርጭቆ አየችው። ተጽፎልኝ ነው ስትል ከኖረችው ነገር ጸሐፊዎች አንዱ ብርቱካን ይዞ ፊቷ ቆሟል። ና አድርሰኝ አላለችውም። በአውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች።

ሱቅ ስትደርስ እናቷ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅራለች፤ ግን አትሰፋም።

«ወንድምሽ ደውሎልኛል» አለች። «ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

«ቆሜ ነው የምሰማሽ።»

እናቷ ጣቷ ላይ ያጠለቀችውን ቀለበት አዞረችው። «አባትሽ ጠዋት ደህና ወጥቶ ማታ ሬሳው ነው የገባልኝ። ወንድምሽ ካልሄድኩ ይላል። አንቺንም በሐሳቤ ከእኔ ሮጠሽ ስትርቂ ነበር የማይሽ። ለዛሬ ብቻ ከአጠገቤ ትሁን አልኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።»

«ሬዲዮ ጠጋኙ ሲመጣስ?»

«ያኔማ ረፍዶ ነበር። ደግሞ አንቺም ብዙ አላዘንሽበትም።»

ብርጭቆ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። እናቷም ይህን አየችና ድምፅዋ ጠንከር አለ።

«ክሊኒኩ ከመንገዱ ማዶ ነው። የነርሶቹን ጋዋን የምትሰፊው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ደረቴን ስሙልኝ ብትያቸው እምቢ ይሉሽ ነበር? ዋሽቼሻለሁ፤ በር ግን አልቆለፍኩብሽም።»

ይህ ከውሸቱ ይልቅ አመማት፤ ግማሹ እውነት ነበርና። ሬዲዮ ጠጋኙን አልወደደችውም ነበር። እምቢ ለማለት ድፍረት ስታጣ በሽታው በእሷ ፈንታ እምቢ አለላት። ስንቱን ሰው፣ ስንቱን ጥሪ በዚያው መልሳዋለች። ቢሆንም የሆነ ነገር ከልኩ እንደጎደለ ታወቃት፤ ምን እንደሆነ ፈለገች።

«ያልጠየቅኩት ከአንቺ አፍ የወጣ ስለሆነ ነው» አለች በመጨረሻ። «የጎረቤት ወሬ ቢሆንማ ኖሮ አስመረምረው ነበር።»

እናቷ አንገቷን ደፋች።

ብርጭቆ መጋረጃውን አልፋ ወደ ጓዳ ገባችና ጨርቁ መሀል ተቀመጠች። ብትሄድ ስለዋሹኝ ነው የሄድኩት ትላለች፤ ብትቀር ስለለመድኩ ነው የቀረሁት ትላለች። በሁለቱም በኩል ቅዱን ያወጡት እነሱ ናቸው። ሳይነግሯትም ነግረዋትም ያልተለወጠ አንድ ነገር ፈለገች። ቢላዋው ኩርባውን ሲዞር የዋጠችውን ምራቅ አገኘች። እሱን ማንም አልነገራትም ነበር።

ወደ ፋብሪካው ደወለች።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ጤነኛ ነሽ አለችኝ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣው ቁጣ ነበር። ስልኩን አስቀምጣ ዘወር ስትል እናቷ መጋረጃውን ገልጣ ቆማለች። አንገቷ ላይ ሜትሩ ተንጠልጥሏል።

«ሰኞ ነው?»

«ሰኞ።»

«እዚያ ብርዱ ኃይለኛ ነው ይላሉ። ያን ወፍራም ሱፍ ኮት አድርጌ ልስፋልሽ። ዓይኔ ቢደክምም ላንቺ አያቅተኝም» አለችና ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ወደ ልጇ ትከሻ ዘረጋችው።

«አትለኪኝ።»

«ልጄ፣ በብርድ…»

«አትለኪኝ አልኩ፣ እማዬ።»

ሜትሩ በእናቷ እጅ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

በማግስቱ ብርጭቆ ገበያ ወረደች። በዕድሜዋ ሙሉ ተሰፍቶ የሚሸጥ ኮት ለብሳ አታውቅም። ከተሰቀሉት አንዱን አወረደች። ገና ሳትለብሰው ጉድለቱን ሁሉ አየችው፦ የግራው እጅጌ ከቀኙ ይረዝማል፣ ኮሌታው አልተኛም፣ ገበሩን ያለ ትርፍ ስለቆረጡት ክንድ ሲነሳ ይስባል። ለበሰችውና ክንዷን አነሳች። ሳበ።

«ልክሽ ነው፣ እህቴ» አለ ሻጩ።

ልኳ እንዳልነበር ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ከፍላ እንዳለ ለብሳው ወጣች።