ከመጋረጃው ጀርባ ያለው መምህር

"አቁም! በማርያም ይዤሃለሁ፣ አቁም!"

እማማ አሰበች መጋረጃውን ገልጠው ሲገቡ ኡልሪክ የቫዮሊኑን ደጋን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። የልጅ ልጃቸው ማርያማዊት አጠገቡ ቆማለች።

"ሐቦባ፣ ዝግ አድርጌ እኮ ነው የምጫወተው" አላቸው። አያቴ ማለቱ ነው፤ የሚግባቡት እሳቸው ከድንበሩ ማዶ ገላባት ገበያ ሲመላለሱ በለመዱት የሱዳን አረብኛ ነው።

"ዝግ አደረግህ አላደረግህ፣ መንገድ ድረስ ይሰማል!"

ኡልሪክ ጀርመን ሳለ ግማሽ ዕድሜውን በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተደረሰ ዜማ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ቫዮሊኑም እንደዚያ ዘመኑ የበግ አንጀት የተወጠረበት ነው። ሚስቱ ስትሞትበት ካርቱም ገብቶ መምህር ሆነ፤ ስንቱን ልጅ አስተማረ! ጦርነቱ ተማሪዎቹን ሲበትንበት ቫዮሊኑን ታቅፎ መተማ ገባ። እማማ አሰበች ከሳሎናቸው በመጋረጃ የተከፈለችውን ጓዳ ሲሰጡት ለአንድ አዳር ብለው ነበር። የጎንደር መንገድ ተዘጋና ቀረ። ሰው ከመኪና እያወረዱ ጫካ የሚያስገቡ፣ ከዚያ ለቤተሰቡ ደውለው ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። ለደሃ ሾፌር ያን ያህል ከጠየቁ ለፈረንጅማ ምን ሊሉ ነው? ለዚህ ነው እማማ አሰበች ከጓዳው እንዳይወጣ የከለከሉት።

የግቢው በር ተንኳኳ።

"እማማ! ታጠቅ ነኝ!"

ታጠቅ የሰፈር ልጅ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፤ ከእነዚያ የጫካ ሰዎች ጋር እንደሚውል ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል።

"ትንፍሽ እንዳትል" አሉት ኡልሪክን። ማርያማዊትን ከነቫዮሊኑ ጎትተው ሳሎን አወጧትና መጋረጃውን ጋረዱት።

ታጠቅ ገብቶ ዙሪያውን ቃኘ። "ሆድ የሚያባባ ነገር ስሰማ ነው የገባሁት። ማን ነው?"

"የልጅ ልጄ ናታ። ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ አላቸው።"

"ኧረ! እስቲ እቱ፣ ድገሚልኝ።"

ኡልሪክ ለጀማሪ ዜማ አይሰጥም። መጀመሪያ ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስቦ አንድ ድምፅ ማውጣት ነው፤ ማርያማዊት የተማረችው ይህንኑ ብቻ ነው። ሳበችው። ሲጥ አለ።

ታጠቅ ሳቀ። "ይኼማ ግሪስ ያጣ ትራክተር ነው! ቅድም የሰማሁት ይኼ ነው?"

"አፍራህ ነው። ድገሚ፣ ልጄ።"

ደገመች። ባሰ።

"ላ! ላ! እንዲህ አይደለም!" የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። "ክንድሽን አታድርቂው!"

እማማ አሰበች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ኡልሪክ ወጥቶ የልጅቷን ክርን ይዞ እያስተካከለ ነው። ያደረገው የገባው ከታጠቅ ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ነው። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

"እንግዳ አለዎት ለካ" አለ ታጠቅ ፈገግ ብሎ። "ምነው ደበቁን፣ እማማ? ማታ ብቅ እላለሁ፤ በደንብ እንጫወታለን።" ስልኩን እየነካካ ወጣ።

"ሐቦባ፣ ይቅርታ... ልጅቷ ክንዷን አድርቃ እኮ..."

"ዝም በል አንተ!"

የት ይክተቱት? አልጋ ሥር? የማሽላው ጆንያ ኋላ? ጓዳውን ዞሩት፤ መሀል ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። እዚህ ቤት መኖሩን ማን ያውቃል? ማንም። ማንም ያላየው ሰው ሲጠፋ ማን ይጮኽለታል? ይህ ከታጠቅ ይልቅ አስፈራቸው።

ወጥተው የግቢውን በር ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርገው ከፈቱት።

"ዘሊካ! ደምለው! ድንቅነሽ! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ! የጀርመን መምህር ቤቴ አለ!"

ድንቅነሽ ከማዶ አንገቷን አወጣች። "አሰበችዬ፣ ምን ነካሽ? አበድሽ እንዴ?"

"አዎ አበድኩ! ኑ ብያለሁ!"

ሁለት ወንበር አወጡና ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር ኒም ዛፉ ጥላ ሥር አስቀመጡ። ልጆቹ አንድ ሁለት እያሉ ተሰበሰቡ፤ እናቶቻቸውም ተከተሉ።

"ና" አሉት ኡልሪክን። "ይኸው ልጆቹ። አስተምር።"

እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኑ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ታጠቅ ወደሄደበት አዙረው።