አጎዛ የለበሰ ሞተር

ሊማሊሞን ሲወርዱ ያልታየ ጉድ ሲወጡ ታየ። ሲወርድ መኪናው ባዶ ነበር፤ ፀጋው በትንሽ ማርሽ ይዞት ቀስ እያለ አዲ አርቃይ አስገባው። ሲመለስ ግን አርባ ኩንታል ማሽላ ጭኗል። ጋቢናው ውስጥ ደግሞ እናቱ ባንቻየሁ እዚያው የእህቷን ተዝካር በልታ ተቀምጣለች። ሁለቱ በሬዎችና የጓሮው ባሕር ዛፍ ተሸጠው የገቡት እዚህ መኪና ውስጥ ነው። እሱ ከቆመ ቤቱም ቆመ ማለት ነው፤ እናትም ልጅም ያውቁታል።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፀጋው አንገቱን አስግጎ የሙቀት መለኪያዋን መርፌ አየ።

«እማ፣ ሙቀቱ ወጣ።»

«ቢወጣስ? ዳገት ላይ የማያልበው ማን ነው?»

ማርሹን ወደ አንደኛ መለሰና የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ትኩስ አየር ጉልበቷ ላይ ተለቀቀ።

«አንተ! በቁሜ ልትጠብሰኝ ነው?»

«የሞተሩን ሙቀት ወደኛ ስስበው ለሱ ይቀለዋል። ትንሽ ቻይው።»

«እሱ ይቅለለው፣ እኔ ልቀቀል! ጎሽ፣ የእናት ልጅ!»

አልበቃም። መርፌዋ ቀዩን ልትነካ ስትል ፀጋው ዳር ይዞ ሊቆም አለ። ያን ጊዜ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን እያንባረቀ አለፋቸው፤ ሾፌሩም በመስኮት እጁን አወናጨፈ። ባንቻየሁ ሰው ሲቀድማት አትወድም፤ በአጨዳ እንኳ ወንዱን ከኋላዋ ስታስከትል የኖረች ናት።

«ልትቆምና ሊሳቅብን? አባትህ ዳገት ፊት ቆሞ አያውቅም። ንዳ!»

ነዳ። ሁለት ኩርባ እንደ ተሻገሩ ከእግራቸው ሥር አንድ ነገር ጧ አለ፤ ነጭ እንፋሎት መስተዋቱን ሸፈነው። መኪናው ተንገጫግጮ ቀጥ አለ።

ፀጋው ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ወሸቀ። የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሁለቴ እጁን ዘረጋ፣ ሁለቴም መለሰው። «ሳይበርድ ከተከፈተ ፊት ይልጣል» አለና የውኃ ጀሪካኑን ታቅፎ ቆመ። ባንቻየሁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የምትሰድበው አላጣችም፤ መንገዱን የቀደደውን፣ ማሽላውን ያስጫነውን፣ መኪናውን የሸጠላቸውን በየተራ ወረደችባቸው።

ከደባርቅ በኩል ሚናስ ሲወርድ አገኛቸውና ቆመ። ጎረቤታቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው። ጋቢናውን ወደ ፊት ገልብጠው የዘይቱን መለኪያ መዞ አየ። ዘይቱ አሬራ መስሏል።

«ውኃ ገብቶበታል» አለ። «የሞተሩ ራስ በሙቀት ተቆልምሟል። እንዳታስነሣው፣ አለቀለት።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ መኪናውን ከፊት አየው። «ለመሆኑ ይኼ ሞተር በየት በኩል ሲተነፍስ ነበር?» አለና ከፍርግርጉ ኋላ እጁን ሰዶ ሳበ። ጥቁር የበግ አጎዛ ወጣ፤ ጠጉሩ ይሸታል።

«ፀጋው! ይኼ ያንተ ሥራ ነው?»

ፀጋው አጎዛውን አወቀው። እናቱ የምትተኛበት ነው። ጎንበስ ብሎ የጎማውን ድንጋይ አጠበቀ።

ትናንት አመሻሽ ላይ ደጋው ቤታቸው ደጅ ውርጩ ሲበረታ ለማንም ሳትናገር የወተፈችው እሷው ናት። ሚናስ በታኅሣሥ ማለዳ በመኪናው ፊት ካርቶን ሲለጉም ስንቴ አይታዋለች። ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ነው ብሏታል። ካርቶን ምን ያሞቃል፣ አጎዛ እያለ! ፀጋው ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣ፤ ጥቁር በጥቁር ላይ እንዴት ይየው?

«እኔ ነኝ» አለች። «አንተስ ካርቶን ታለብሰው የለም?»

«አለብሰዋለሁ፣ እማማ። ሞተሩ ሞቆ ዳባት ስደርስ ግን አወልቀዋለሁ።»

ይኼን አላየችም። ማልበሱ በደጇ ነው፤ ማውለቁ ዳባት ነው።

«እኔማ እንዳይበርደው...» አለች።

ሚናስ አጎዛውን አጣጥፎ አጠገቧ አኖረው፤ ቀና ብሎም አላያትም። «የሚጎትት መኪና እልካለሁ። እስከዚያ ጭነቱን አውርድ፤ እንዲህ እንዳለ ማንም አይስበውም» ብሎ ሄደ።

ፀጋው ገመዱን መፍታት ጀመረ።

«ስደበኝ» አለችው።

«እናት ይሰደባል እንዴ?»

«እኔ ስንቱን ስሰድብ አልነበር? ስደበኝ፣ አንተ! አፍ የለህም?»

«ብርድ ነበር፣ እማ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እውነትሽን ነው፣ ብርድ ነበር።»

ቢመታት ይሻላት ነበር። ተነሥታ የመጀመሪያውን ኩንታል በጠርዙ ይዛ ሳበች። ንቅንቅ አላለም።

«ተይ፣ ወገብሽን።»

አልተወችም። ፀጋው ኩንታሉን በጀርባው ተሸክሞ ወደ መንገዱ ዳር ሲሄድ፣ ከኋላው የጆንያውን ጆሮ ጨብጣ ተከተለችው። ምንም አላቀለለችለትም፤ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሠላሳ ዘጠኝ ቀርቷል።