አሥራ ስድስተኛው ማዞሪያ

"እዚያ ጋ አይደለም አልኩሽ! ወፍራሙ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ነው የሚገባው" አለ ሰኖ፣ የሚስቱን እጅ ከማዞሪያው ላይ እያነሳ።

ራትሪ እጇን መለሰችው። "ጎንግ ከመቼ ወዲህ ነው መጀመሪያ ላይ የሚመታው? መጨረሻ ላይ አይደል እንዴ?"

"ይሄ እኮ የእናንተ ጋሜላን አይደለም።"

"ታዲያ ምናለበት፣ ማስ? ይጮሃል አይደል?" አለች፣ በጃቫ ባልም ሆነ ወንድ ወዳጅ በሚከበርበት "ማስ" በሚለው መጠሪያ።

ሰኖ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን አናሎግ ሲንተሳይዘር ከጓደኛው ከጋሊህ የገዛው ሞተር ሳይክሉን ሸጦ ነው። ጋሊህ እነዚህን መሣሪያዎች እዚያው በሚኖሩባት የኢንዶኔዢያ ከተማ፣ ዮግያካርታ፣ በገዛ እጁ ይሠራል። ከሲንተሳይዘሩ ጋር በገመድ የተያያዘው ሲኩዌንሰር አሥራ ስድስት ማዞሪያ አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ይይዛል። ትንሽ መብራት ከግራ ወደ ቀኝ እየዘለለች ድምፆቹን በየተራ ታስጮሃቸውና እንደገና ከግራ ትጀምራለች። መሣሪያው የሠሩበትን አያስቀምጥም፤ ማዞሪያዎቹ ከተነኩ ዜማው ጠፋ ማለት ነው። ሰኖ ወሩን ሙሉ የማስተማሪያ ቪዲዮ ላይ ተደፍቶ ከርሟል። ቅዳሜ ጋሊህ በአንድ ካፌ ግቢ መሣሪያውን ለሰው ሲያሳይ የሚጫወተው እሱ ነው። ራትሪ ግን የነካችው በዚህ ሳምንት፣ ሩዙ እስኪበስል ብላ ነው።

እሷ የሰፈሩ ሴቶች የጋሜላን፣ የጃቫ የነሐስ መሣሪያዎች ቡድን ውስጥ፣ ጎንግ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ያለው የተንጠለጠለ ነሐስ መቺ ናት። እዚያ ትልቁ ጎንግ የሚያርፈው ዙሩ ሲያልቅ ነው፤ የቀረው ድምፅ ሁሉ ወደ እሱ ይጓዛል። ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ አሥራ ስድስተኛው ላይ አሳረፈችው።

ጋሊህ የተጠበሰ ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ቂጣ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሲገባ ዜማውን ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ማነው ይሄን የሠራው?"

ሰኖ "እኔ" ሊል ምንም አልቀረው። "እሷ ናት። ጀማሪ ስለሆነች ገለበጠችው" አለ።

"ምባክ ራትሪ፣ እስቲ የድምፅ ማጣሪያውን ቀስ እያልሽ ክፈቺው" አላት፣ እንደ እህት በአክብሮት እየጠራት።

ከፈተችው። የታፈነው ድምፅ እየጠራ፣ እየበራ መጣ። ጋሊህ ጭኑን በጥፊ መትቶ ሳቀ። "ጉድ እኮ ነው! ማስ ሰኖ፣ እሷን ደብቀህ ነው አንተ የምትለፋው? ቅዳሜ እሷ ብትጫወትስ?"

ራትሪ ቀና ብላ ባሏን አየችው። "ኧረ እኔ! ... ማስ ካለ እንጂ።"

ሰኖን ቅናት አንገበገበው። ጋሊህ ለእሱ እንዲህ ስቆለት አያውቅም። ራትሪም የእሱን ጨዋታ ስታዳምጥ ፊቷ እንዲህ በርቶ አያውቅም። በየትኛው እንደሚቀና ለራሱም አልለይ አለው።

"ሻይ አፍይልን" አላት። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ የጋሊህ ስልክ ጮኸና ወደ ደጅ ወጣ።

ብቻውን ሲቀር ወፍራሙን ድምፅ ከመጨረሻው አንስቶ መጀመሪያው ላይ አደረገው። ልክ እንደ ቪዲዮው ሆነ፤ ቀጥ ያለና ምንም ስህተት የሌለው፣ ሞቶ የተገነዘ ዜማ። ወደ ነበረበት ሊመልሰው ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጭራሽ ተናደደና ማዞሪያዎቹን አንድ ባንድ ወደ ግራ ጠምዝዞ ባዶ አደረጋቸው።

ራትሪ ሻዩን ይዛ መጣች፤ ጋሊህም ተመለሰ።

"ምነው ዝም አለ?" አለች።

"መብራት ሄዶ ነበር።"

"መብራት ሲሄድ ማዞሪያ ይዞራል እንዴ?"

ጋሊህ ዓይኑን ከሰኖ ላይ አንስቶ ቴምፔውን ማላመጥ ጀመረ። ራትሪ ብርጭቆዎቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብሎ ሲጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሁን፣ ማስ። ቅዳሜ አንተው ትጫወታለህ" አለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

የፈለገውን አገኘ። የቅዳሜው ጨዋታ የእሱ ሆነ፤ ግን ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን አብሮ ጠፍቶ ነበር፤ ያጠፋውም እሱ ነው። ቅናቱ ግን ያም ሆኖ አልለቀቀውም፤ ጥፋቱን ለማመን ጋሊህ ባይኖር ይሻል ነበር ብሎ አሰበ።

"እኔ ነኝ" አለ፣ ጋሊህ እየሰማ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ሰኖ ከመሣሪያው ፊት ካለችው ብቸኛ ወንበር ተነሳና ወለሉ ላይ፣ ሻዮቹ አጠገብ ተቀመጠ።

"ነይ ቁጭ በይ" አላት። "እኔም እንዳየው ቀስ ብለሽ ሥሪው።"