ከክሬኑ ላይ ያልወረደው ወሬ

"ዘና ይበሉ፣ ጋሼ። ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ አያምም" አለች ነርሷ፣ ሽቦ የተያያዘባቸውን ፕላስተሮች የክሬን ኦፕሬተሩ ደረት ላይ እየለጠፈች።

"ይኼ ሁሉ ሽቦ ለአንድ ልብ ነው? እኔ ያን ሁሉ ብረት የማነሳው ከዚህ ባነሰ ገመድ ነው።"

ነርሷ ሳቀች። ከዚያ እንዳይናገር ነገረችው፤ ማሽኑም የልቡን ምት የሚያሳየውን ወረቀት ያወጣ ጀመር።

የሥራ ጓደኞቹ "አሞራው" ይሉታል። የዕድሜውን ግማሽ ያህል ያሳለፈው ከመሬት ርቆ፣ ከሕንፃ አናት በላይ ባለች አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ልብ ክሊኒኩም በፈቃዱ አልመጣም። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ በሚያስደርገው ምርመራ ልቡ እንግዳ ድምፅ ስላሰማ ተላከ።

ዶክተሯ ልቡን በአልትራሳውንድ አይታ ስትጨርስ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ዕድሜዋ ከገዛ ልጁ ዕድሜ አይበልጥም። እየጠየቀች ትጽፋለች።

"ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"ከሰው የተለየ አይደለም።"

"ደረትዎን ያምዎታል?"

"የለም።"

"ራስዎን ስተው ያውቃሉ?"

"በፍጹም!"

ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የመለሰው። ዶክተሯ ቀና ብላ አየችውና ጻፈች።

ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የፌሮ ብረት እስር አንጠልጥሎ ክሬኑን እያዞረ ሳለ ድንገት ዓይኑ ጨለመበት። ሲነቃ ግንባሩ መስታወቱ ላይ ተደፍቷል። እጁ መቆጣጠሪያውን ስለለቀቀ ክሬኑ በራሱ ቆሟል፤ ፌሮው ግን ከግንበኞቹ አናት በላይ ይወዛወዛል። ከታች ሆኖ በሬዲዮ የሚመራው ጓደኛው "አሞራው! ኧረ አሞራው! እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?" እያለ ይጮኻል። "ነፋስ ነው" አለውና ጭነቱን ቀስ አድርጎ አወረደ። ወሬውን ግን እዚያው ላይ ትቶት ወረደ። ለሚስቱም አልነገራት።

ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው።

"ደም ከልብዎ የሚወጣበት በር ጠቧል። አይዞዎት፣ መፍትሔ አለው። ራስዎን ስተው ቢሆን ኖሮ ጊዜ አንሰጠውም ነበር፤ በሩ ወዲያው በቀዶ ሕክምና ይቀየር ነበር። ሥራም ከዛሬ ጀምሮ ያቆሙ ነበር። በነገሩኝ መሠረት ግን ለጊዜው በቅርብ እንከታተልዎታለን።" እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። "እኔ የምጽፈው የነገሩኝን ነው። የሚጨምሩት ነገር አለ?"

"የለም፣ ዶክተር። እግዜር ይስጥልኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ገና ስታየው ከወንበሯ ብድግ አለች።

"እህስ? ምን አሉህ?"

"ክትትል ነው። በቃ።"

"እሰይ! አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ተቀምጬ ስጸልይ ነው የዋልኩት እኮ!" ብላ የሸሚዙን አንገት አስተካከለችለት።

ገና ከመራመዳቸው ስልኩ ጮኸ። ያው በሬዲዮ የሚመራው ጓደኛው ነው።

"እንዴት ሆንክ፣ አሞራው? ነገ ክሬኑ ላይ ትወጣለህ አይደል?"

"ምነው፣ ሰው ጠፋ?"

"ያንተ ምትክ ብረት ባነሳ ቁጥር ነፍሳችን ነው የሚወጣው! ሁላችንም አንገታችንን አንጋጠን ነው የምንሠራው። አንተ ስትሆን እኮ ቀና ብለን እንኳ አናይም።"

ኦፕሬተሩ ዞሮ የዶክተሯን በር አየ።

"ትሰማኛለህ?"

"ሰምቼሃለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሚስቱ ወደ መውጫው ቀድማ ነበር። እሱ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የዶክተሯን በር አንኳኳ።

"ዶክተር፣ ያቺን 'ራሱን ስቶ አያውቅም' ብለው የጻፏትን ይሰርዙልኝ።"

ዶክተሯ አልተገረመችም። "የተጻፈው አይሰረዝም፤ ከሥሩ እጨምርበታለሁ" አለችና እጇን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። "መቼ ነበር? ምን እየሠሩ ሳለ?"

ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዞር አለ። ሚስቱ ቦርሳዋን እንዳነገተች ግራ ተጋብታ ኮሪደሩ መሐል ቆማ ታየዋለች።

በሩን በሰፊው ከፈተላት።

"ነይ ግቢ" አላት። "አንቺም ስሚው።"